ለነፍሰ ኄር ሲንክ፤ በወለንጪቲ የተነበበ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ፣ በዚህ ሐሩር ከአዳማና ከመተሐራ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች ሆይ፤

ዛሬ በዚህ ድንኳን ሥር የተሰበሰብነው፣ ሁላችሁም በሕይወት ሳለ የምታውቁትን፣ ብዙዎቻችሁም በዐይነ ሥጋ እያያችሁ የተራገማችሁትን፣ የእጅ ማስታወሻ መሣሪያን ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ጋር የማስተያየትና ግልባጩን የማኖር ልማድ፣ በዓለማዊ ስሙ ሲንክ የተባለውን ነፍሰ ኄር ለመሰናበት ነው። አስከሬን የለም፤ ልማድ አስከሬን አይተውምና። በሣጥኑ ውስጥ የተጋደመው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት የኖረው፣ መሣሪያው የሚቀመጥበት ክሬድሉ ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ገመዱ ነው።

የቀብር ንግግር ሥርዓት የሟችን ትሩፋት አስቀድሞ መዘርዘር መሆኑን አልሳትሁም፤ ይሁን እንጂ ትጉህ ነበረ፣ ታማኝ ነበረ፣ በማንም ላይ ክፉ አልተናገረም የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ሚዛን ለሚያጎድለው ነጋዴ ሳይቀር ሲነበብ ስለ ኖረ፣ ይህን ለየኅሊናችሁ ትቼ ወደ ትውልዱ አልፋለሁ።

ነፍሰ ኄር በታወቀበት መልኩ የተወለደው በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው። የትውልዱ ሐረግ ከእንጨት ይጀምራል፤ ፓይለት የተባለው መሣሪያ አባት ጄፍ ሆኪንስ፣ ገና አንዲት ሽቦ ሳያገናኝ፣ በሸሚዝ ኪስ የምትገባ የእንጨት ቁራጭ አዘጋጅቶ ይዞ ይዞር፣ ቀጠሮ የሚጠይቀው ሰው ባጋጠመውም ጊዜ ከኪሱ መዝዞ የሚጽፍባት ይመስል ነበር። ከዚያች እንጨት በኋላ የመጣው የመጀመሪያው መሣሪያ 128 ኪሎባይት ብቻ ማኅደረ ትውስታ ስለ ነበረው፣ ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አትገባበትም፤ ስሞችንና ቀጠሮዎችን ግን በመቶ በመቶው ይሸከም ነበር። የፍጥረቱ ድካም ትዝታው ሁሉ በሁለት ቀጫጭን ባትሪዎች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው፤ ባትሪዎቹ አልቀው ተተኪዎቹ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካልገቡ፣ የተጻፈው ሁሉ እንዳልተጻፈ ይሆናል። እንግዲህ ሲንክ ወደዚህ ዓለም የመጣው ለጌጥ ሳይሆን፣ የዚህን ደካማ ፍጡር ትዝታ ከሞት ለመቤዠት ነበር።

ወደ ወለንጪቲ የመጣው እኔ ከምሠራበት የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ዕቃ ጋር ነው። ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና ሌት ተቀን በሚያልፍባት፣ የቦሰት ተራራ ሥር አቧራ በየመስኮቱ ስንጥቅ በሚገባባት በዚህች ከተማ፣ ሱቆቻችን ወፍራሙን የሬዲዮ ድንጋይ እንጂ ቀጭኑን ባትሪ አያውቁም ነበርና፣ የመሣሪያው ባትሪ ወደ ማለቁ ሲቃረብ አዳማ ድረስ መላክ ግድ ነበረ። መልእክተኛው እስኪመለስ ድረስ መሣሪያው ቢሞትስ? ስለዚህ በየሠርኩ፣ ከመስክ በተመለስን ጊዜ፣ እጃችንን ሳንታጠብ መሣሪያውን በክሬድሉ ላይ አስቀምጠን አንዲቱን ቁልፍ እንጫን ነበር። ያን ጊዜ ነፍሰ ኄር ሥራውን ይጀምራል፤ የእጁን መዝገብና የጠረጴዛውን መዝገብ አቅርቦ፣ የትኛው ስም አዲስ እንደ ሆነ፣ የትኛው እንደ ተለወጠ፣ የትኛው እንደ ተሠረዘ አንድ በአንድ ይመረምርና ሁለቱን ወገን አስተካክሎ ያሰናብተናል።

ወይም ያሰናብተናል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለ ሙት ክፉ አይወራም የሚለውን ባውቅም፣ ነፍሰ ኄርን ነውሩን ሳያነሡ መቅበር ሌላ ሰው መቅበር ይሆናልና እናገራለሁ፤ መንታ ይወልድ ነበር። አንድ ስም በእጅ መሣሪያውም በኮምፒውተሩም በየፊናው የተለወጠ እንደ ሆነ፣ የትኛው እንዲጸና የትኛው እንዲሻር መፍረድ ያቅተውና፣ ባልንም ሚስትንም «እውነትህን ነው፣ እውነትሽን ነው» ብሎ፣ አስታረቅሁ ሲል ጠላውን ጠጥቶ እንደሚሄድ ፈሪ ሽማግሌ፣ ሁለቱንም አጽድቆ፣ ሁለቱንም በሁለቱም ወገን አስቀምጦ፣ ሥራው ተፈጽሟል ብሎ ያውጅ ነበር።

የዚህ ነውር ዐቢይ በዓል የዋለው በ1998 ዓ.ም. መባቻ ነው። በዚያ ወራት የመላ ሀገሪቱ የስልክ ቁጥር ወደ 10 አኃዝ ሲለወጥ፣ የአዳማና የአካባቢዋ መለያ 02 መሆኑ ቀርቶ 022 ሲባል፣ ተንቀሳቃሹም ከ0911 መጀመር ሲይዝ፣ ጸሐፊያችን ቢሮ ተቀምጣ በኮምፒውተሩ ላይ፣ እኔም መኪና ውስጥ እየተንገጫገጭሁ በእጅ መሣሪያው ላይ፣ አንዳችን የሌላችንን ሳናውቅ ቁጥሮቹን ሁሉ አቀናናቸው። እርስዋ በሠረዝ ለያይታ ጽፋቸው ኖሮ እኔ አያይዤ ጽፌአቸዋለሁ። ማታ ቁልፉ በተጫነ ጊዜ ነፍሰ ኄር ሠረዝ ያለውን ሠረዝ ከሌለው መለየት እንጂ አንድ መሆናቸውን መረዳት አልተቻለውምና፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ሁለት ሆኑ፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሁለት ሆኑ፤ ገንዘብ ያዣችንም ሁለት ሆነው ሳለ ደመወዛችን ብቻ አንድ እንደ ነበረ ቀረ።

ጽሕፈት ቤቱ ስሞችን ሁሉ በቁቤ ሥርዓት ለማቃናት በወሰነ ጊዜ ደግሞ፣ በእንግሊዝኛው ልማድ ተጽፋ የኖረችው ጫልቱ፣ በኮምፒውተሩ በኩል የቁቤዋን ሆሄያት ለብሳ፣ በእጅ መሣሪያው በኩል አዲስ የቀበሌ አድራሻ ተጨምሮላት፣ በሠርክ ሲያገናኙዋት እኅትማማቾች ሆና ተነሣች። መሣሪያው ፊደላችንን ስለማያውቅ በግዕዝ ሆሄ ጽፎ መገላገል አልተቻለም። ጳጉሜን የምትባል ወር መኖርዋንም አልሰማ፤ የቀን አቈጣጠራችንንም አልተማረ። ጠዋት 2 ሰዓት ተብሎ በቅንነት የተመዘገበ ስብሰባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮህና ቤተሰቡን ሁሉ ያስነሣ ነበር፤ ቀጠሮውም መንታ ስለ ነበረው፣ የመጀመሪያውን ጩኸት አጥፍተን ጋደም ስንል ሁለተኛው ይከተላል።

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ወደ ምግባሩ ልመለስ። ነፍሰ ኄር የሠራውን የሚሰውር አልነበረም። መቼ እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ ፈጸመ፣ በየትኛው መዝገብ ላይ እክል እንዳጋጠመው በአጭር ዜና መዋዕል ጽፎ ይተው ነበር። ስም ስንሠርዝም ዝም ብሎ አይታዘዝም፤ ግልባጩን በኮምፒውተሩ ዘንድ ላኑርላችሁ ወይ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የሰው እጅ የጻፈውን ያለ ምስክር ከምድር ማጥፋት ይከብደው ነበርና። ይህ ታላቅ ምግባር ነው። መብራት በመካከሉ የጠፋ እንደ ሆነ ግን፣ በከተማችንም መብራት መቼ እንደሚጠፋ የምታውቁት ነው፣ ግማሹ ተሻግሮ ግማሹ ሳይሻገር የቀረው መዝገብ በማግሥቱ እንደ ገና ሲጀመር፣ ያው እንደምታውቁት፣ መንታ። መንታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መንታውም በበኩሉ ተለውጦ መንታ ሲወልድ ያየንበት ሰሞን አለ።

አሁን ግን ፌዙን ለጥቂት ጊዜ ልግታ። ሾፌራችንን ታስታውሱታላችሁ፤ ቤተሰቡ እዚህ ተቀምጧልና ስሙን አልጠራም። በአዋሽ መንገድ ላይ ባረፈ ዕለት ጸሐፊያችን እያለቀሰች ስሙን ከኮምፒውተሩ ሠረዘች፤ እኔ ደግሞ መሠረዝዋን ሳላውቅ፣ በእጅ መሣሪያው ላይ በስሙ ሥር የቀብሩን ሰዓት ጻፍሁ። ማታ ሁለቱ መዝገቦች በተገናኙ ጊዜ፣ በሠረዘችውና በጻፈው መካከል ነፍሰ ኄር መፍረድ ነበረበት። ፈሪ ያልሁት ያ ሽማግሌ በዚያች ሌሊት አልፈራም። የተጻፈውን አጸና፤ ስሙንም ወደ ኮምፒውተሩ መለሰው። ለካስ ሕጉ ኖሮታል፤ አንዱ ሲሠርዝ ሌላው የጻፈ እንደ ሆነ፣ ጽሑፉ በስረዛው ላይ ይሠለጥናል። ከስሙ በታች በባለቤቱ ቃል የተጻፉ ነገሮች ነበሩ፤ የሴት ልጁ የልደት ቀን፣ የመኪናው ዘይት የሚለወጥበት ኪሎ ሜትር፣ ከመተሐራ ስኳር እንዲያመጣ የተላከበት ብር። ያን ጊዜ ነው መንታ የመውለዱ ምስጢር የተገለጠልኝ። ሁለቱን ያኖረው መፍረድ ስለማያውቅ ብቻ አልነበረም፤ ከማጣት ማብዛትን ስለመረጠ ነው። በነውሩና በምግባሩ መካከል ግድግዳ አልነበረም፤ አንድ ባሕርይ ነበሩ።

እንግዲህ ማን ገደለው? ስም አልጠራም፤ ገዳዩ ጠበቃው ብዙ ነው። የማውቀው ይህን ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ስልኮች ኮምፒውተር አያሻቸውም፣ ራሳቸውን በራሳቸው ወደ ሩቅ ማከማቻ ይገለብጣሉ ተባለ። ገመዱ ወደ መሳቢያ ወረደ፤ ኮምፒውተሮችም ለዚያ ገመድ የነበራቸውን መሰኪያ እየደፈኑ ይሠሩ ጀመር። የመሣሪያው ቀን መቁጠሪያ እስከ እ.ኤ.አ. 2031 ፍጻሜ፣ በእኛ እስከ 2024 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ተሰፍሮለት ሳለ፣ ነፍሰ ኄር የተሰፈረለትን ዘመን ሳይፈጽም በአጭር ተቀጨ።

ገዳዩ ቀልጣፋ መሆኑን አልክድም። ሁሉን በዝምታ ይሠራል፤ መቼ እንደ ገለበጠ፣ ምን እንደ ተወ፣ በየትኛው ባሕር ማዶ እንዳኖረው አይናገርም። ስሞቻችን ወደ አዲሱ ስልክ በተሻገሩ ጊዜ የሾፌራችን ቁጥር ተሻገረ፤ ከቁጥሩ በታች የነበረው ማስታወሻ ሁሉ ግን ቀረ። ግልባጩን ላኑርልህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሁለት ሆኖ መኖርን ስንነቅፍ የኖርን ሰዎች አንዱንም አጥተን ቀረን።

የእኛንም በደል ብንመረምር፣ ገዳዩ ያለ ተባባሪ አልገደለም። አንዲት ቁልፍ መጫን ከብዶን ነበርና፣ ሞቱን ስንሰማ አርፈናል ብለን ተደሰትን። ዛሬ ከመካከላችን የስልኩ ግልባጭ የት እንደሚገኝ፣ የሚከፈትበትስ የይለፍ ቃል ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ እጁን ያንሣ። … አየሁ። በአዳማ መናኸሪያ ግፊያ ውስጥ አንድ ስልክ ከኪስ በተወሰደ ቁጥር፣ በማግሥቱ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚነበበው ዐዋጅ አንድ ነው፤ «ስልኬ ስለ ጠፋ ቁጥራችሁን ላኩልኝ»። የተማረው ይህንኑ ይጽፋል፤ ባለሥልጣኑም ይህንኑ ይጽፋል። ነፍሰ ኄር በሕይወት ሳለ ግን እንዲህ ያለ ልመና የሚለምን አልነበረም፤ መሣሪያው ቢሰረቅ፣ ቢሰበር፣ በአዋሽ ወንዝ ቢወድቅ፣ ባለቤቱ ወደ ቢሮው ገብቶ አዲሱን በክሬድሉ ላይ ባስቀመጠ ጊዜ፣ ወዳጁም ጠላቱም፣ ባለዕዳውም አበዳሪውም ተሟልተው ይነሡለት ነበር። ከነመንቶቻቸው።

የኑዛዜው ቃል አጭር ነው። ክሬድሉ ለጸሐፊያችን ይሰጥ፤ ብዕር ማስቀመጫ አድርጋዋለችና ባለ ይዞታ ናት። ገመዱን የሚቀበል ኮምፒውተር በከተማችን ስላልተገኘ፣ ልጆች ይዝለሉበት። የሚቀሩት ቀጫጭን ባትሪዎች ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ይዋሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ደግሞ ንፍሮውን ከመቅመሱ በፊት የአምስት ሰው ቁጥር በወረቀት ጽፎ በኪሱ እንዲያኖር ሟቹ አዟል፤ አንድ ወረቀት ግልባጭ አይባልምና፣ ሁለት እንዲሆን።

በመጨረሻ፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ አሁን በጆሮዬ የነገሩኝን ለማኅበርተኛው ማሳወቅ ግድ ሆኖብኛል። የእድሩ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር በገባበት ዘመን፣ ነፍሰ ኄር ራሱ በአባልነት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኝቷል። መተዳደሪያ ደንባችን ለሞተ አባል የቀብር ገንዘብ እንዲከፈል፣ በሕይወት ያለ አባልም መዋጮውን በየወሩ እንዲያገባ ስለሚያዝ፣ አንደኛውን አፈር ይቅለለው እያልን፣ ሁለተኛው ግን የዓመታት ውዝፉን ይዞ እስከ መጪው እሑድ በእድሩ ጽሕፈት ቤት እንዲቀርብ፣ ባይቀርብ መቀጫ የሚታከልበት መሆኑን በአክብሮት እናሳስባለን።