ሻንጣዬ የወሰደኝ መንገድ

ምሥራቅ ህንድ፣ ቢሃር ውስጥ፣ ሁለት ጋያዎች አሉ። አንደኛዋ በደፈናው ጋያ ትባላለች፤ ሂንዱዎች የሞቱ ወላጆቻቸውን ነፍስ ለማሳረፍ የሚጎርፉባት ከተማ ናት። ሁለተኛዋ ቦድ ጋያ ናት፤ ሲድሃርታ ጋውታማ የዋርካ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቡድሃ የሆነባት። በመካከላቸው ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባቡሩ የሚያወርደው ግን ጋያ ነው፤ የእኔም አበሳ የጀመረው እዚያው ጣቢያው በር ላይ ነው።

ደልሂ ለትምህርት በነበርኩበት ዘመን ነው። ወሩ መስከረም፣ ጊዜው ሂንዱዎች ፒትሪ ፓክሻ የሚሉት፣ ለአባቶች የተለየው ሁለት ሳምንት ነበር። ጣቢያው በሰው ተጥለቅልቋል። አንድ ባለ ባጃጅ ሻንጣዬን ተቀብሎ ከአንድ ቤተሰብ ጓዝ ጋር ከኋላ ጫነው። ልገባ እግሬን ሳነሣ ፖሊስ «መንገድ አትዝጋ!» እያለ የባጃጁን ጣራ በዱላ ደበደበው፤ ሾፌሩም ደንግጦ ነዳው። ፓስፖርቴ ያለው ሻንጣው ውስጥ ነው! ሌላ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሾፌሩ የሸሸውን ባጃጅ በእጁ እያሳየ «ቪሽኑፓድ፣ ቪሽኑፓድ» አለኝ፤ በዚያ ወቅት ጋያ የወረደ ቤተሰብ ሌላ የሚሄድበት የለውም።

ቪሽኑፓድ ቪሽኑ የተባለው አምላክ የእግር አሻራ ያረፈበት ድንጋይ ያለበት ቤተ መቅደስ ነው። የአሁኑን ሕንፃ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው የኢንዶሯ ንግሥት አሂሊያባይ ሆልካር ናት። በሩ ላይ ሂንዱ ያልሆነ እንዳይገባ ተጽፏልና ከደጅ ቀረሁ። ሻንጣዬን ፍለጋ ወደ ፋልጉ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ራሳቸውን የተላጩ፣ ነጭ ያገለደሙ ወንዶች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዱቄትና ሰሊጥ ለውሰው እያድቦለቦሉ ለሙታን ያቀርባሉ፤ ካህኑ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ያስጠራል። ለእናቴ አባት ተዝካር ሲወጣ አጎቶቼ ፊት ላይ ያየሁት ጭንቀት እነዚህም ሰዎች ፊት ላይ ነበረ፤ የሞተው ሰው የሆነ ቦታ ሆኖ ይጠብቀኛል የሚል ጭንቀት።

የሂንዱን እምነት ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ የገባኝ ግን ወንዝ ዳር ነው። በውስጣችን አትማን የሚባል የማይወለድ፣ የማይሞት ማንነት አለ። ብሃጋቫድ ጊታ እንደሚያስተምረው ሰው አሮጌ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ፣ አትማንም ሥጋን ይቀያይራል። የሚቀጥለውን ልደት የሚወስነው ካርማ፣ የሠራነው ሥራ ነው። መጨረሻው ሞክሻ፣ ከዚህ መመላለስ መፈታት ነው። ወንዙ ዳር የነበረው ሕዝብ ይህን ሁሉ በቃል አይዘረዝር ይሆናል፤ ግን ሰሊጥና ዱቄቱን ሲያቀርብ የሚቀበል አለ ብሎ ነው።

ሻንጣዬ ተገኘ! ከማድያ ፕራዴሽ የመጡ ጡረተኛ መምህር ከእግራቸው ሥር አድርገው፣ ልጆቻቸውን ወደ ወንዙ ልከው፣ እሳቸው ሥርዓታቸውን አቆይተው እየጠበቁኝ ነበር። እህል በአፋቸው አልዞረም። «ቤታ፣ የሰው አደራ ይዤ ለአባቴ ምን አቀርባለሁ?» አሉኝ። ቤታ ልጄ ማለታቸው ነው። እግዜር ይስጥዎ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ወደ ቦድ ጋያ እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ «ቡድሃም እኮ የእኛው ነው፤ የቪሽኑ ዘጠነኛ አቫታር» አሉኝ። አቫታር አምላክ በሥጋ መገለጡ ነው።

እሳቸው በፍቅር ነው የተናገሩት። ከጥንት ጸሐፊዎቻቸው ሁሉም ግን እንዲህ አላቀፉትም። ጃያዴቫ የተባለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ቡድሃን እንስሳት በመሥዋዕትነት መታረዳቸውን ያወገዘ ሩኅሩኅ አድርጎ ያወድሰዋል። ቪሽኑ ፑራና የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ግን ቪሽኑ ቡድሃን የመሰለ አሳሳች መልክ ያወጣው አጋንንትን ከሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከቬዳዎች፣ መንገድ አሳስቶ ለማስወጣት ነው ይላል። ማቀፉ እሾህ ነበረበት።

መምህሩ በጣታቸው ብራህማዮኒ ኮረብታን አሳዩኝ፤ ጋያ ከተማ ዳር ነው ያለው። ቡድሃ እሳት ያመልኩ ለነበሩ 1,000 ባሕታውያን የእሳት ስብከቱን ያሰማው እዚያ እንደሆነ ይታመናል። ዓይናችሁ፣ ጆሯችሁ፣ ልባችሁ በምኞት፣ በጥላቻና በድንቁርና እየነደደ ነው አላቸው። ሰዎቹ በየቀኑ የሚቆሰቁሱትን እሳት ከመሠዊያው አንሥቶ ደረታቸው ውስጥ አስቀመጠው። በካርማም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ክብደቱን ከሥርዓቱ ላይ አንሥቶ አሳቡ ላይ ጣለው። በልብ ያሰቡት፣ የፈለጉት ነው ፍሬ የሚያፈራው። ሰው ሞቶ ዳግም መወለዱን ቡድሃ ተቀበለ፤ ቬዳዎች ከሁሉ በላይ ናቸው የሚለውን ግን አልተቀበለም። አማልክቱንም አላባረራቸውም። በቡድሂስት መጻሕፍት ብራህማ ራሱ እየሰገደ ያወቀውን እንዲያስተምር ይለምነዋል፤ ግን ብራህማም ዘመኑ ሲደርስ የሚሞት ፍጡር ነው።

ቦድ ጋያ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። የማሃቦዲ ቤተ መቅደስ ግንብ ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዛፉ ሥር ነጭ ሳሪ የለበሱ ከማሃራሽትራ የመጡ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አጠገቧ የተቀመጥኩት ነርስ የመምህሩን ቃል ስነግራት ድምጿ ሳይቆጣ፣ ግን በጽናት፣ «ወንድሜ፣ አያቴ ከሰፈሩ ጉድጓድ ውኃ መቅዳት ተከልክላ ነው ያደገችው፤ ቡድሃ የቪሽኑ አቫታር ነው ብለን አናምንም፤ ምለናል» አለችኝ። መሐላው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ፣ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት ዶክተር አምቤድካር ከመቶ ሺዎች ተከታዮቻቸው ጋር ቡድሂዝምን ሲቀበሉ ያስማሏቸው 22 ቃሎች አሉ፤ አንዱ ይኸው ነው። በዘር ዝቅ ተደርገው የኖሩት የነርሷ ወገኖች ለቡድሃ ያላቸው ፍቅር ምክንያት አለው። ቡድሃ ፀጉር አስተካካዩን ኡፓሊን ከገዛ ዘመዶቹ መሳፍንት አስቀድሞ አመንኩሶ፣ መሳፍንቱ እንዲሰግዱለት አድርጓል።

ትምህርቱ ሲጠቀለል አጭር ነው። ሕይወት ሥቃይና ጎዶሎነት አለባት፤ ምንጩ የማይጠግብ ጥማት ነው፤ ጥማቱ ሲጠፋ ሥቃዩም ይጠፋል፤ ወደዚያም ከቀና አስተያየት እስከ ቀና ተመስጦ ስምንት ዘርፍ ያለው መንገድ ይወስዳል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ነው። ቡድሃ ያ ወንዝ ዳር ያየሁት ሕዝብ የተማመነበትን አትማን የለም አለ። ሥጋ፣ ስሜት፣ አሳብ ይፈስሳል እንጂ ከሥሩ የማይለወጥ «እኔ» የለም። ታዲያ የሚወለደው ማነው? ናጋሴና የተባለው መነኩሴ ይህን ጥያቄ ለግሪካዊው ንጉሥ ሜናንደር እንዲህ መለሰለት ይባላል፦ ከአንድ መብራት ሌላ ቢለኮስ፣ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ተሻግሮ የሄደ ነገር የለም፤ የኋለኛው ግን ያለ ፊተኛው አይበራም። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ልዩነት አይደለም። መምህሩ አባታቸውን ይመግባሉ፤ ቡድሃ ደግሞ «እሱ የምትለው ማንን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። የሲሪላንካው አናጋሪካ ዳርማፓላ እ.ኤ.አ. በ1891 መጥቶ፣ የማሃቦዲ ቤተ መቅደስ ሺቫ የተባለውን የሂንዱ አምላክ በሚያመልኩ መነኮሳት አለቃ እጅ መሆኑን አይቶ ለማስመለስ ተነሣ። ከብዙ ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ አስተዳደሩን ለአራት ሂንዱዎችና ለአራት ቡድሂስቶች አካፈለ፤ ሊቀ መንበሩ የወረዳው አስተዳዳሪ ነው፤ እሱም እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ሂንዱ መሆን ነበረበት። ቡድሂስቶች አስተዳደሩ ሙሉ በሙሉ ለእኛ ይሰጠን ይላሉ፤ እኔም እውነታቸውን ነው እላለሁ። ቡድሃን ከሂንዱ ቤት ያልወጣ ልጅ ማድረግ የተናገረውን ዋና ነገር ማፈን ነው። ከሂንዱ ነጥሎ ማስተማርም እንዲሁ አያዋጣም፤ ጥያቄውን ያልሰማ ሰው መልሱ አይገባውም። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከባቡር ወርዳችሁ በቀጥታ ወደ ዛፉ አትሩጡ። መጀመሪያ ፋልጉ ዳር ቁሙ፤ ቡድሃ ለማን ይናገር እንደነበር እዚያ ታያላችሁ።