ዳስ ያጣ ባለሰርግ

አጎቴ ስለ እግር ኳስ የሚያውቁት እፍኝ አይሞላም። በሰርግ ጉዳይ ግን ሊቅ ናቸው። በመራዊና በዙሪያዋ ዳስ ሲጣል፣ ጠላ ሲጠነሰስ፣ የአማች መቀመጫ ሲደለደል እሳቸው ከሌሉበት ድግሱ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ኳስን ያስረዳኋቸው በሚገባቸው ቋንቋ ነበር። «አያ፣ ባለሜዳ ማለት ደጋሹ ነው፤ ከሌላ አገር የሚመጣው ቡድን ደግሞ ሚዜ አስከትሎ የሚገባ እንግዳ ነው» አልኋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! ከዚያች ቀን ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችንን በሰርግ ሚዛን እየመዘኑ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል።

መጀመሪያ ላይ ምሳሌዬ አላሳፈረኝም። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን ባሕር ዳር ላይ ሲያስተናግዱ ከመራዊ በጧት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው። ረዳቱ ያን ቀን እኛን እንደ ጆንያ በርበሬ ጠቅጥቆ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ዘጋው። ማንም አላጉረመረመም። ሰርግ የሚሄድ ሰው በመቀመጫ አይጣላም።

ስታዲየሙ ከሃምሳ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል ይባላል። እኔ የደረሰኝ ቦታ ኮንክሪት ነበርና ጋቢዬን አራት አጥፌ ተቀመጥሁበት። አጠገቤ አንድ ሰውዬ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሜዳውን ያያል። «ሬዲዮው ምን ያደርግልሃል? ጨዋታው ፊትህ አይደል?» አልሁት። ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል «ዓይኔ ደጋፊ ነው፤ ያደላል» አለኝ። እውነትም ሱራፌል ዳኛቸው ሲያገባ እኛ ስንዘል እሱ ሬዲዮው «ጎል» እስኪለው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሽመልስ በቀለ ሲያገባ ግን ሬዲዮው ከእጁ አምልጦ፣ ሁለቱ ባትሪ ድንጋዮች ደረጃ በደረጃ እየተንከባለሉ ወረዱ። ቀሪውን ጨዋታ ያለ ምስክር አየው። 2 ለ 1 አሸነፍን።

ማታ ድምፄ ተዘግቶ ቤት ስገባ አጎቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«እህሳ፣ ደጋሹ ወይስ እንግዳው?»

«ደጋሹ ረታ፣ አያ።»

«እንግዳ ጠርታችሁ ደበደባችሁት?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ነውር ነው» አሉ። ግን ጢማቸው ሥር ፈገግታ አይቻለሁ።

በ2014 መጀመሪያ ነገር ተበላሸ። ካፍ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ባሕር ዳር መስፈርቱን አላሟላም ብሎ አገደው። ሽማግሌው የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ነበር። አደይ አበባ የተባለው አዲሱ ደግሞ ግንባታው በ2008 ተጀምሮ ገና አላለቀም። የሜዳው አደይ አበባ በየመስከረሙ ይፈካል፤ ይሄኛው ግን መስከረም በጠባ ቁጥር እንቡጥ ነው። ስለዚህ ጋናን «በሜዳችን» የምናስተናግደው ጆሃንስበርግ ሆነ። ይህን ለአጎቴ ማስረዳት የእኔ ዕጣ ፈንታ ነበር።

«ቤታችሁ ምን ሆኖ ነው ሰው ቤት የምትደግሱ?»

«ካፍ የሚባሉት አይሆንም ብለው ነው፣ አያ። ከሣሩ እስከ መልበሻ ክፍሉ፣ ከወንበሩ እስከ መጸዳጃው አንድ በአንድ ይመረምራሉ።»

«መጸዳጃ ድረስ?»

«መጸዳጃ ድረስ።»

«ሙሽራውን ትተው?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እነዚህ ካፍ የምትሏቸው ለመሆኑ የማን ልጆች ናቸው?»

እዚህ ላይ አፈርሁ። ካፍን በ1949 ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ እኛው ነን። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ ናቸው። ይድነቃቸው ተሰማም እስኪሞቱ ድረስ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ጉልበታቸውን መታ አድርገው ሳቁ። «እንግዲያ በራሳችሁ ማኅበር ሙሴ ተቀጣችኋላ! ጽዋውን ያቋቋመ ሰው ድግሱ ጎደለ ተብሎ!» ከዚያም ኮስተር ብለው «ሃያ ባሕር ዛፍ እኔ እቆርጣለሁ፤ ዳሱን ጣሉት» አሉ። ካፍ በባሕር ዛፍ እንደማይደለል ብነግራቸውም አልሰሙኝም። የእኛ የሜጫ ሰው ባሕር ዛፍ የማይፈታው ችግር መኖሩን ማመን ይከብደዋል። በሳምንቱ ሃያ እንጨት ተልጦ ከጓሮ ተጋደመ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን ስንገጥም አጎቴን መራዊ ካለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ይዣቸው ሄድሁ። በሩ ላይ በጠመኔ «ኢትዮጵያ ከ ግብፅ፤ ሜዳ፦ ማላዊ» ተብሎ ተጽፏል። አነበብሁላቸው።

«መራዊ ነው እንዴ የሚጫወቱት?»

«አይ አያ፣ ማላዊ ነው።»

«እኔስ ምን አልሁ?»

አንድ ወጣት ሰምቶን ኖሮ ጠመኔውን አንሥቶ «ማላዊ» የሚለውን ሰረዘና «መራዊ» ብሎ ጻፈበት። ቀልድ ነበር፤ ወደ ውስጥ ስንገባ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። በቴሌቪዥኑ የምናየው የሊሎንግዌ ስታዲየም ጫጫታ የለው፣ ግርግር የለው፤ ሰው ከወንበሩ ያንሳል። ስታዲየም ቢባል ያለነው እኛ ዘንድ ነበር። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣውላ የተመታ አግዳሚ፣ አንዱ በሌላው ጉልበት ላይ። አሠልጣኙ አርባ ነው፤ ሁሉም ይጮኻል። ዳኛውን የሚሰድበው ከፊት ተቀምጧል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ሰዳቢውን ይሰድባል። አጎቴ ግራ ቀኝ ገላመጡና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉ። ገናን በወጣትነታቸው ተጫውተዋል። ሩር ቅልጥማቸውን ብሏቸው እንኳ ቂም አልያዙም።

ዳዋ ሆቴሳ አስቆጠረ። ሽመልስ በቀለ ደገመ። 2 ለ 0! ቆርቆሮው ሊገነጠል ደረሰ። የእኛ ደጋፊ ግን ደስታን እንደ ብድር ነው የሚቀበለው፤ መመለሱ አይቀርም ብሎ ያስባል። ሁለት ለባዶ እየመራን «አለቀልን፣ ተከላካዩ ደከመ፣ አሁን ሦስት ያገቡብናል» የሚል አጥቼ አላውቅም። በዚህ መሀል አጎቴ መጸዳጃ የት እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤቱ በአገጩ ከቤቱ ኋላ ያለውን ባሕር ዛፍ አሳያቸው። ሄደው ሲመለሱ ቀስ ብለው ጆሮዬ ሥር «ይሄንንም ያግዱታል» አሉኝ።

ያን ቀን አሸነፍን። እንደዚያ ያለ ቀን ግን በዓመት አንዴ ከመጣ መልካም ነው። በሌላው ጊዜ የምንሰማው ያው የታወቀውን ቃል ነው፦ «ጥሩ ተንቀሳቅሰናል፤ የአጨራረስ ችግር ነበረብን፤ ክፍተቶቻችንን አርመን እንቀርባለን፤ ትልቅ ልምድ አግኝተንበታል።» ልምዱን ማን እንደሚያስቀምጠው አላውቅም እንጂ ጎተራው ሞልቶ መፍሰስ ነበረበት። በ2005 ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሄድን፤ ከዛምቢያ አንድ እኩል ወጥተን፣ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፈን ልምድ ይዘን ተመለስን። በ2014 ካሜሩን ሄድን፤ አሁንም ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብና ልምድ። ከሁሉ የሚገርመኝ በ1954 ዋንጫውን ስናነሣ የተጫወትነው ሁለት ጨዋታ ብቻ መሆኑ ነው፤ ቱኒዚያንም 4 ለ 2፣ ግብፅንም 4 ለ 2። ያኔ ልምድ አልነበረንም። ልምድ ማከማቸት ስንጀምር ነው መሸነፍ የጀመርነው።

ሐዘናችንን የምንረሳው በሰው ሐዘን ነው። የመራዊ ልጅ ዋልያዎቹ ሲሸነፉ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ማንቼ ሲሸነፍ ግን እራት አይበላም። በ2017 ማንቸስተር ዩናይትድ ሊጉን አሥራ አምስተኛ ሆኖ ሲጨርስ ጾሙ ረዝሞ ነበር። በ2016 ግንቦት ከአርሴናል ተጫውተው የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ የዝናቡን ውኃ እንደ ጢስ ዓባይ ሲያወርደው አንድ የአገሬ ልጅ ደውሎ «ካፍ መጥቶ ይየው እንጂ!» አለኝ። የአርሴናል ደጋፊ ነው።

አሁን ወደ ስደታችን ልመለስ። ከ2016 ወደ 2017 የተሻገረው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ታሪክ ተረት ይመስላል፤ እኔ ግን አልጨመርሁበትም። ዲሞክራቲክ ኮንጎን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ታንዛኒያ፣ ዳሬሰላም ላይ ነው፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ታንዛኒያን ደግሞ «በሜዳችን» ያስተናገድነው ኮንጎ፣ ኪንሻሳ ላይ ነው፤ እሱንም 2 ለ 0 ተሸነፍን። የአንዱን ሰርግ በሌላው ዳስ፣ የሌላውን በአንዱ ዳስ ማለት ነው። ሦስት ቀን ቆይተን እዚያው ኪንሻሳ፣ እዚያው ስታዲየም ከኮንጎ ጋር ተጫወትን። አሁን ባለሜዳዎቹ እነሱ ናቸው፤ እኛ እንግዳ። 2 ለ 1 አሸነፍናቸው!

ይህን በስልክ ለአጎቴ ስነግራቸው ጸጥ አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ አያ» አልሁ።

«አለሁ። በዚያው ዳስ ነው ያልኸኝ?»

«በዚያው።»

«ደጋሽ ስትሆኑ ተሸነፋችሁ፤ እንግዳ ስትሆኑ አሸነፋችሁ።»

«አዎ።»

«እንግዲያ ነገሩ ገብቶኛል» አሉ። «ሰው በተከራየው ቤት ደጋሽ ነኝ ብሎ ሲንጎራደድ ያፍራል። ወጡን የቀመሰለት ጎረቤት የለ፣ እልል ያለለት አማት የለ። እንግዳ ሲሆን ግን ምን ያሳፍረዋል? በልቶ ይነሣል።»

ስንት የኳስ ተንታኝ ሰምቻለሁ። ቀጥተኛው ኳስ በዛ ይላሉ፤ አጭር ቅብብሉ ጠፋ ይላሉ። ያን የሬዲዮ ሰውዬ፣ ያን ሚኒባስ፣ ያን የቆርቆሮ ቤት ጩኸት ከሒሳቡ የሚያስገባ ግን አልገጠመኝም። አጎቴ በሰርግ ሚዛን አስገቡት። ከአይቮሪኮስት ጋር ስንጫወት ከኋላችን ሆኖ እልል የሚል አማት ነበረን።

ስልኩን ልዘጋ ስል ያ ሃያ ባሕር ዛፍ ትዝ አለኝና ጠየቅኋቸው።

«እሱንማ ዝናብ ሲበላው ጊዜ ለሰው ጎጆ ሰጠሁት» አሉ። «አታስብ። ያኔ የቆረጥሁት ጉቶ አቆጥቁጦ ሌላ አብቅሏል። ለቋሚ ገና ነው እንጂ ለማገር ደርሷል። የእናንተስ ስታዲየም?»