ይታሸግልን

ነጋዴ ሲያጠፋ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ የገባቸው አገሮች ያሳዝኑኛል። እኛ ከተገላገልን ቆየን። አንድ ብጣሽ ወረቀት፣ ክብ ማኅተም፣ ትንሽ ሙጫ፣ ከላዩ «ታሽጓል» የሚል ጽሑፍ፤ አለቀ። ደረሰኝ ያልቆረጠ ይታሸጋል። የዋጋ ዝርዝር ያልለጠፈ ይታሸጋል። ዘይት የደበቀም፣ ንግድ ፈቃድ ያላሳደሰም ይታሸጋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን በተባለ ማግሥት ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች በየከተማው ሲታሸጉ የምንዛሪው ተመን ራሱ ያልታሸገው ወረቀቱ የሚለጠፍበት በር ስለሌለው ብቻ ይመስለኛል።

የእሸጋን በረከት በራሴ ያየሁት ፍሪጅ የገዛሁ ጊዜ ነው። ፍሪጁ መብራቱ ይበራል፣ ያጉረመርማል፣ ግን አያቀዘቅዝም። ሻጩ ጋ መልሼ ወሰድኩት። «ባለሙያ ያየዋል» ብሎ ተቀበለኝ። ከዚያ ባለሙያው ታመመ፤ ሲሻለው ክፍለ ሀገር ወጣ፤ ሲመለስ ለቅሶ ገጠመው። ሲመረኝ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለከትኩ። ፍጥነታቸውን መካድ ግፍ ነው፤ መጥተው አሸጉለት። ፍሪጄ ውስጥ ነው።

እሽጉ መቼ እንደሚነሳ ልጠይቅ ተመልሼ ብሄድ አንድ ትሑት ወጣት አስተናገደኝ። «ጥፋቱን ሲያርም ይነሳለታል፣ ጋሼ» አለኝ። ጥፋቱ ማለት የእኔ ፍሪጅ እንደሆነ፣ ፍሪጁም እነሱ ካሸጉት በር ወዲያ እንዳለ፣ ሰውየው ልመልስለት ቢል እንኳ መግቢያ እንደሌለው አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ እሽግ መቅደድ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አስጠነቀቀኝ። በኋላ ነጋዴው ቅጣቱን ለመንግሥት ከፈለ፤ በሩ ተከፈተ፤ ቀጪና ተቀጪ በሰላም ተለያዩ። የእኔስ ገንዘብ? «እሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ ጋሼ። መብትዎ ነው፣ ይክሰሱ።»

መብቴ መሆኑንማ አላጣሁትም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይላል። እኔም ጠይቄ ነበር። ላሸጉልኝ ምስጋና ይድረሳቸው።

ደግሞ ቅር ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ነገሩን ሳሰላስለው እሸጋ ከዚህ በላይ መስፋት እንዳለበት ነው የገባኝ። ዳቦ ቤቱን ውሰዱ። ከዳቦው ግራም ቀነሰ ተባለና ታሸገ። በማግሥቱ ሰፈሩ ውስጥ ግራም የጎደለው አንድም ዳቦ አልተገኘም፤ ዳቦም አልተገኘም። ይህ ውጤት ነው፤ ሪፖርት ላይ ይጻፋል። ሰፈሩ ወደ ሁለተኛው ዳቦ ቤት ጎረፈ፤ ሁለተኛው ሰልፉን አይቶ ዋጋ ጨመረ፤ ታሸገ። ሦስተኛው ሁለቱ የደረሰባቸውን አይቶ በራሱ ፈቃድ ዘጋ፤ ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት አቋርጠሃል ተብሎ የዘጋው በር ላይ ታሸገበት። በዚሁ ጽናት ከሾላ እስከ ሳሪስ፣ ከምናለሽ ተራ እስከ ቦምብ ተራ ብንዘልቅ የአዲስ አበባ ሸማች በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይታለልበት ቀን ይነጋል። ሚዛን የሚሰርቅ የለም፣ ምክንያቱም የሚመዝን የለም። የዋጋ ንረት ዜሮ ይገባል፣ ዋጋ የሚጠራ ሰው ስለሌለ። ተቆጣጣሪዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመርካቶ መሐል ይንሸራሸራሉ፤ በግራም በቀኝም ነጭ ወረቀት ነው፣ የቅሬታ መዝገቡም እንደ ወረቀቱ ነጭ ነው።

አንድ ሱቅ ብቻ ክፍት ይቀራል፤ ሙጫ የሚሸጠው። እሱን ማሸግ አይቻልም፣ የመንግሥት ሥራ ይቆማል። ሰውየው ይህን የተረዳ ቀን ሙጫውን በእጥፍ ይሸጣል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ሙጫው አለአግባብ መወደዱን ያረጋግጥና ሱቁ ይታሸግ ብሎ ይወስናል። ውሳኔውን ለማስፈጸም ሙጫ ያስፈልጋል። ግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይዛችሁ ኑ ይላል። ከተማው ውስጥ ሙጫ ያለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሊታሸግ የተወሰነበት ሰው ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ፕሮፎርማ እሱው ያቀርባል፣ በሦስት ዋጋ፤ በትንሹ ያሸንፋል፤ የገዛ ሱቁ የሚታሸግበትን ሙጫ በደረሰኝ ሸጦ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ቆርጦ፣ ወረቀቱን የሚለጥፈው ልጅ በርጩማ ላይ ሲወጣ ደግፎት ይይዘዋል።

አሁን ሽሙጡን ትቼ ልናገር። እሸጋ የተበደለውን ሰው አንድ ሳንቲም አይክሰውም። ለቴሌቪዥን ካሜራ ይመቻል፣ ለሪፖርት ይመቻል፣ ጉቦ ለሚፈልግም ከተለጠፈ እሽግ የተሻለ መደራደሪያ አይገኝም። ቁጥጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ የሚቀላቅል ሰው ሆድ እስኪቆርጥና ከሳሽ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ እሱን በዛሬው ዕለት አሽጉት፣ ሙጫውን እኔ እገዛለሁ። ግን ለጀሶው የተፈጠረ መሣሪያ ለፍሪጅም፣ ላልተለጠፈ ዋጋም፣ ለሁሉም ሲሆን የተጎዳው ሰው ከነገሩ ይወጣል። ጉዳዩ በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ብቻ ይቀራል።

ወደ ፍርድ ቤቱማ እንሂድ ካላችሁ፣ እዚያም የሚያኮራ ሀብት አለን። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 አትርፎ ለመሸጥ ዕቃ የሚያመርት ሰው ዕቃው በወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። እሰየው! አንቀጽ 2143 ከሁለት ዓመት በላይ የዘገየ ከሳሽን ያሰናብታል፤ ይሁን። አንቀጽ 2116 ላይ ስትደርሱ ግን ወንበር ፈልጉ። የሞራል ጉዳት ካሳ፣ ሐዘኑ የፈለገውን ያህል ቢከፋ፣ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በጃንሆይ ዘመን ይህ ብር ነበር። ዛሬ ለአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ይበቃል ብዬ አልምልም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ሕገ መንግሥት ተተካ፣ ብሩ ስንት ጊዜ ዋጋው ወረደ፤ ሐዘናችን ግን በተተመነለት ዋጋ ጸንቶ ይኖራል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በሸቀጦች ላይ ከጣለው የዋጋ ጣሪያ አብዛኛው ዓመት እንኳ አልቆመም። በሐዘናችን ላይ የተጣለው ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ሲቆይ ማንም «ገበያው ይወስነው» አላለም።

አሜሪካኖቹ ጋ አንዲት የ79 ዓመት አረጋዊት የማክዶናልድ ትኩስ ቡና ጭናቸው ላይ ፈስሶ ክፉኛ አቃጠላቸው። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒው ሜክሲኮ የተሰየመው የጁሪ ችሎት በካሳው ላይ 2.7 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ጨመረላቸው፤ ዳኛው በኋላ ቅጣቱን ወደ 480,000 አወረደው። ብዙዎች በሴትዮዋ ሳቁ። እኛ ዘንድ ቢሆን ቡና ቤቱ ይታሸግ ነበር፤ እሳቸውም ድነው ሲወጡ ማኪያቶ የሚጠጡበት ያጡ ነበር።

አቅመ ደካማ ከሳሾች ተባብረን እንክሰስ ብንልስ? በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ካሉ አንዱ ስለ ሁሉም ሆኖ ሊከስ ይችላል፤ ሁሉም መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ካስረዳ። ከዚያው ሱቅ የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ የገዙትን ሰዎች ማን ያውቃቸዋል? ስማቸው የደረሰኝ ቀሪ ላይ ነው። ቀሪው ሱቁ ውስጥ ነው። ይህን ቀሪ አውጥቶ ማየት የሚችለው ያው ያሸገው ጽሕፈት ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ያየው በሩን ብቻ ነው።

ካሸጋችሁ አይቀር ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ደረሰኝ ይዞ ለቀረበ ገዢ ገንዘቡ ሳይመለስ ይህ እሽግ አይነሳም።» ነጋዴው ሱቁን ለማስከፈት የሚሮጠውን ሩጫ ታውቁታላችሁ። መንግሥት ቅጣቱን ከእኛ ቀጥሎ ተሰልፎ ይቀበል።