ነጭ ይሻልዎታል

መገናኛ መኪና ይዞ የሚመላለስ ሰው ቀለሙን ለሚኒባስ እየገበረ ነው የሚኖረው። የእኔዋ ቪትዝ ነጭ ነበረች። አሁን ግን ታክሲዎቹ ከአደባባዩ እስከ ላምበረት ባለው ግፊያ ሰማያዊያቸውን በነፃ አካፍለዋት፣ ለሙሉ ታክሲነት የቀራት ኮድ 1 ታርጋና ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኮተቤ! ኮተቤ!» የሚል ረዳት ብቻ ነው።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ቀለም ቀቢው ዞሯት ሲያበቃ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሙሉ ቀለም ነው የሚያስፈልጋት። 120 ሺህ ብር። ፎርኖ ትግባ ካሉ ይጨምራል።»

«ቀለሙ ወርቅ አለበት እንዴ?»

«ቀለሙማ ትንሹ ወጪ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ባትላሜራው የተጨረመተውን ያቃናል፤ ስቱኮ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ በወረቀት ይፈገፈጋል፤ እንደገና ይለቀለቃል፣ እንደገና ይፈገፈጋል። አንቲሩጂኑ፣ ቀለሙ፣ የላይኛው ማብረቂያ የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። የምንከፍለው ለማይታየው ነገር ነው ማለት ነው። ሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የጥያቄ ሁሉ መልስ አንድ ሆኗል፤ ቲነሩ ለምን ተወደደ? ዶላር። ስቱኮውስ? ዶላር። ጥግ ላይ ውኃ እያፈሰሰ በር የሚፈገፍገውን ልጅ አሳየሁት።

«እሱም የሚፈገፍገው በዶላር ነው?»

«ጋሼ፣ የሚበላው ሽሮም እኮ ዶላርን ተከትሎ ነው የጨመረው።»

ይህን ያህል ከከፈልኩ አይቀር፣ አልኩ በልቤ፣ የሚያምረኝን ቀለም ልምረጥ። ዝናብ ያጠበው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ዓይነት አረንጓዴ!

«የመከላከያ መኪና ሊያስመስሏት ነው?» አለ ደንግጦ። «ሊብሬዎ ላይ ነጭ ነው የተጻፈው። ትራፊክ ቢያስቆምዎ አረንጓዴዋን መኪና ከነጩ ሊብሬ ጋር ማን ያስታርቅልዎታል? ነጭ ይሻልዎታል። ሲሸጥም ይፈለጋል።»

ሄንሪ ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ ነበር የሚያቀርበው። የእኔው ሰው ቢያንስ ወደ ብርሃን አምጥቶኛል።

«እሺ፣ ይህን ፓራፋንጎ ብቻ ቀባልኝ።»

«አይገጥምም። ፀሐይ የበላው ነጭና አዲሱ ነጭ አንድ አይደሉም። ተጎራብተው ሲታዩ ያስጠላሉ።»

ላስብበት ብዬ ወጣሁና ሰፈራችን ያለ አንድ የመኪና ደላላ ጋ ጎራ አልኩ። ደላላ ቀለምን በዓይኑ አያይም፤ በጆሮው ነው የሚሰማው። በጣቱ አንጓ በሩን ኳ ኳ ያደርጋል። ቆርቆሮው ከጮኸ ደኅና፤ ድምፁ ከታፈነ ከሥር ስቱኮ አለ። ቀጥሎ የበሩን ጎሚኒ ገለጥ አድርጎ የተረጨ ቀለም ይፈልጋል። አንዲት ነጠብጣብ ካገኘ «ቀለም ተነክታለች» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ገዢው የሚጠራው ዋጋ ሁሉ ወደ ታች ነው።

«አደራህን እንዳታስቀባት» አለኝ። «ከሚያበራ የጋራዥ ቀለም የተቧጨረ የፋብሪካ ቀለም ይሻላል። ጭረቱ እኮ ምስክር ነው፤ ምንም እንዳልደበቅህ ያሳያል።»

ስለዚህ 120 ሺህ ብር የሚከፈለው የመኪናዋን ዋጋ ለማውረድ ነው! ጆን ሌነን በ1967 እ.ኤ.አ. ሮልስ ሮይሱን ቢጫ አስቀብቶ አበባ ቢያሥልባት፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ጨረታ ላይ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። መገናኛ ብትመጣ ኖሮ ደላላችን መጀመሪያ በሯን ያንኳኳ ነበር።

ቪትዟ ሰማያዊና ነጭ እንደሆነች አለች። ዝገት የጀመረውን ቦታ ብቻ ክረምቱ ሳይበላው አሳክሜያለሁ። እናንተም ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ደላላ አማክሩ። ምክሩ ነፃ ነው፤ መኪናችሁን እስካልሸጠላችሁ ድረስ።