የጉርሻ ሒሳብ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት መገባደጃ

ይድረስ ለውድ እኅቴ፣ ገርጂ፤

እትዬ፣ እኛ ከናፍቆታችሁና ከዚህ በታች ከማወራልሽ ረሃብ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ቅዳሜና እሑድ የት ጠፋችሁ?» ስትዪኝ «ተራራ ወጥተን» ብዬ ያለፍኩት፣ ነገሩ በስልክ ስለማያልቅ ነው። በድምፅ ልላክልሽ ብዬም ነበር፤ አንቺ ግን የድምፅ መልእክት የምትሰሚው ምጣድ ላይ ሆነሽ ስለሆነ ግማሹን አክንባሎው ይውጠዋል። ስለዚህ ጻፍኩ።

ጥቅምት ሲገባ የዚህ አገር ሰው ቅጠል ለማየት ይሰደዳል። ቅጠል ስልሽ ያ የምታውቂው እንዳይመስልሽ፤ ሊረግፍ ሲል ቀይና ቢጫ የሚሆነውን የዛፍ ቅጠል ማለቴ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ፎቶ ሲያሳዩኝ ባለቤቴ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለችና፣ ብሉ ሪጅ በሚሉት የተራራ ሰንሰለት ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለሁለት ሌሊት ያዝን። ስሙን አልነግርሽም፤ ልጅሽ ፈልጋ አገኘችው ማለት አንድ ኮከብ ሰጥታ ታዋርደኛለች። ዋርሳዬም ከዴንቨር መጥቶ ነበርና ሦስት ሆነን ነዳን።

መጀመሪያ ስለ ተራራው። በረንዳው ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ «3,200 ጫማ» ይላል። በጫማ የጻፉት ቁጥሩ እንዲበዛ ይመስለኛል፤ ወደ ሜትር ስመልሰው 1,000 እንኳ አልሞላም። «በከፍታ ከሆነ ይኼ መተሐራ ነው» አለ ዋርሳዬ። እዚያው ሰንሰለት ላይ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ትልቁ ጫፍ፣ ሆክስቢል የሚሉት፣ 1,235 ሜትር ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ አንቺ ጓዳሽ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፊ ከእነሱ ተራራ ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር በላይ ሆነሽ ነው። የረርን በየማለዳው እያየ ላደገ ሰው ይኼን «ተራራ» ብሎ ማስከፈል ድፍረት ነው፤ ቅጠሉ ግን እውነቴን ነው ያምራል።

የደረስነው ዓርብ ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ነው። የመመገቢያው ደጃፍ ላይ «እስኪያስቀምጧችሁ ጠብቁ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ቆምን። ውስጡ ሃያ ያህል ጠረጴዛ አለ፤ ሰው ያለባቸው አራቱ ናቸው። አንዲት ልጅ መጥታ «ቦታ አስይዛችኋል?» አለችን። አላስያዝንም። ኮምፒዩተሯ ላይ አቀርቅራ ብዙ ቆየች፤ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ከቀረብኩበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁም። በመጨረሻ «ዕድለኞች ናችሁ፣ አንድ ተገኘ» ብላ ከወጥ ቤቱ በር ሥር አስቀመጠችን፤ ወጥ ቤቱ በ2፡30 እንደሚዘጋም አስጠነቀቀችን። በ2፡30! በፍስክ ቀን 22 ሰፈር ብትሄጂ እኮ በዚያ ሰዓት ሥጋ ቆራጩ ገና ቢላዋውን እየሳለ ነው።

ባለቤቴ ጽጌን እንደምትጾም ታውቂያለሽ፤ የፈቃድ ነው ብላት አትሰማኝም። እኔም ዓርብ ነበርና ጾመኛ ነኝ። ለአስተናጋጁ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማንበላ ዘረዘርንለት። «አለርጂ ነው?» አለን። «ጾም ነው» አልነው። በጥሞና ጽፎ ሄደና ተመልሶ መጣ፤ «ዶሮስ?»

ሰላጣው አይብ ተነስንሶበት ቀረበ። መለስነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያው ሳህን አይቡ ተለቅሞ መጣ፤ ለቃሚው ቸኩሎ ኖሮ ሁለት ፍርፋሪ አምልጦታል። ባለቤቴ ፍርፋሪውን እንደ ጠላት አፍጥጣ ስታየው ቆይታ ወደ ተጠበሰ ድንች ዞረች። ዋርሳዬ ደግሞ «ዓሣ ይፈቀዳል» ከሚሉት ወገን ነው፤ 38 ዶላር የተጻፈበት ትራውት የሚባል ዓሣ አዘዘ። እኔ ከእሱ ጋር እካፈላለሁ ብዬ ለብቻዬ አላዘዝኩም። (ዓሣው ላይ ያለሽን አቋም አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ።) መጣ። መዳፍ የምታህል ዓሣ፣ ጎኗ ላይ አምስት ዘለላ ፎሶሊያ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ፎሶሊያው ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እየፈላ አንቺ ባቄላ አብስለሽ ታወጫለሽ፤ እዚህ በ97 ገደማ እየፈላ ፎሶሊያ ማብሰል አቃታቸው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለቤቴ ከድንቿ ቆረስ አድርጋ ወንድሟን አጎረሰችው፤ ልማዷ ነው። እኔና እሱም ዓሣዋን ከአንድ ሳህን ተካፈልን። ሒሳቡ ሲመጣ ከዓሣው ሥር አንድ መስመር አለ፦ «ሳህን መጋራት፣ 6 ዶላር»። ስህተት መስሎኝ አስተናጋጁን ጠራሁት። «ፖሊሲ ነው» አለኝ። «ትርፍ ሳህን እኮ አላመጣህልንም» ብለው፣ «ለዚያ አይደለም፣ ለመጋራቱ ነው» አለኝ። እትዬ ሙች፣ አብረን በመብላታችን ተቀጣን። ከዚያ በታች «የአገልግሎት 20 በመቶ» ራሱ ተደምሮ ተቀምጧል፤ ከሱም በታች «ተጨማሪ ጉርሻ» ብለው ባዶ መስመር ትተውልናል። በአፍ የሚገባውን ጉርሻ ሲያስከፍሉ፣ በኪስ የሚገባውን ሁለት ጊዜ ሲጠይቁ አየሁ።

ማማ ደስታ የተባለው የአበሻ ምግብ ቤት ዋሽንግተን ውስጥ በ1978 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ስንት ፈረንጅ ከአንድ ትሪ እየተጋፋ በልቷል! «እጃችሁ በዛ» ብሎ ሒሳብ የጨመረበት አበሻ አላጋጠመኝም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ያቋቋሙ ጊዜ ሕዝቡ ምግብ በገንዘብ መብላትን ነውር አድርጎት፣ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አለማመዱት ሲባል ሰምተናል። ያ ነውር አሁን ነው የገባኝ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ «ዛሬ ልዩ ቡና አለን» ብሎ አስተናጋጁ ስሙን ለመጥራት ሦስት ጊዜ ታገለ፤ ይርጋጨፌ ለካ! ከአፍሪካ እንደሚመጣና የሎሚ አበባ ሽታ እንዳለው አስተማረን። ዝም ብለን ተማርን። ሲቀዳ ለብ ያለ ነው፤ ሽታውም የወረቀት ኩባያው ሽታ ነው። ስንወጣ ደግሞ «የሪዞርት ክፍያ፣ በሌሊት 35 ዶላር» ተደመረብን። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ ለዋና ገንዳውና ለኢንተርኔቱ ነው አሉኝ። ገንዳው ከመስከረም ጀምሮ ውኃው ፈስሶ ቅጠል ሞልቶታል፤ ኢንተርኔቱም ከእንግዳ መቀበያው ወንበር አያልፍም።

ሁለተኛው ማታ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ባለቤቴ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ በላን። «ከውጭ የመጣ ምግብ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ፊት ለፊታችን ነበር።

ይኼን ሁሉ ስጽፍ ቦሌን ረስቼ አይደለም። እዚያም ሜኑው ግርጌ በጉንዳን ፊደል «10 በመቶ አገልግሎት፣ 15 በመቶ ቫት» ይላል፤ ካዘዝሽው ከአምስቱ ሦስቱ «ዛሬ የለም» ነው፤ «መጣሁ» ያለ አስተናጋጅ ደግሞ የት እንደሚሄድ ፈጣሪ ያውቃል። ግን «የለም» ያለሽ ልጅ እኮ «ሽሮው ግን ቆንጆ ነው፣ እሱን ይሁንልሽ» ይልሻል። ይኼኛው ፈገግታው አንዴም ሳይጠፋ አስርቦ ሰደደኝ።

ስንመለስ ከማረፊያው መጠይቅ ተላከልኝ፦ «ቆይታዎን ከ10 ስንት ይሰጡታል?» ባለቤቴ 2 ስጣቸው አለች። ጣቴ 2 ላይ ደርሶ ያ ልጅ ይርጋጨፌን ለመጥራት ያላበው ነገር ትዝ አለኝና በይሉኝታ 8 ሰጠሁ። ለባለቤቴ 2 ነው ያልኳት፤ አደራ።

እናቷ ልትመጣ ነውና ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች አንዱ ውስጥ ሽሮና በርበሬ አስይዥልን። ሌላው ጉዳይ ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት አንቺ ምግብ ቤት ስበላ «መጣሁ ብለሽ ቀረሽ» ብዬ የተቆጣኋትን አስተናጋጅሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ከምልክልሽ ላይ 500 ብር ስጫት፤ ከማን ነው ካለች፣ ከተራራ ነው በያት።

ወንድምሽ