ለነፋስ ጥለት

የሰሜን ሸዋዋ መዘዞ ስለ ቀለም ለሚካሰሱ ሁሉ ችሎት ብትሆን ያምርባታል። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ በዓለም ገበያ የታወቀው የከበረ ድንጋይዋ፣ ኦፓል፣ ጠብታ ቀለም ሳይቀባ ቀይም አረንጓዴም ያበራል፤ ምስጢሩ ለብርሃን ሞገድ በሚመጥን ልክ በሥርዓት የተደረደሩ የሲሊካ ቅንጣቶች ናቸው። በዚያው ድንጋይ ውስጥ ውሃን ከሲሊካ የሚያስተሳስረው የሃይድሮጂን ቦንድ ግን፣ ከሃይድሮጂኑ እስከ ኦክስጅኑ ቢለካ 0.2 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ዓይን የሚያየው ብርሃን ደግሞ ከ400 ናኖሜትር ግድም ይጀምራል። ልዩነቱ 2,000 እጥፍ ነው! ለቦንዱ ቀለም መምረጥ ለነፋስ ጥለት እንደመምረጥ ነው። የሞለኪውል ሥዕል ሶፍትዌሮች ግን አላፈሩም፤ ከእነሱ አንዱ ፓይሞል ካልከለከሉት ለቦንዱ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ሰረዝ ይደረድራል።

«ምልክት እኮ ነው፣ ማን ይሳሳትበታል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ኦክስጅንም በቀይ የሚሣለው ደም ኖሮት አይደለም። ዳሩ ግን ምልክት የሚመሰገነው ሲለይ ነው። ቢጫ በዚሁ ልማድ የሰልፈር ቀለም ነው፤ አንድ ካባ ለሁለት ባላባት መሆኑ ነው። ደግሞም በጥቁር ስክሪን የነገሠው ቢጫ ነጭ ወረቀት ላይ ሲታተም ድራሹ ይጠፋል። «እንግዲያው አረንጓዴ ይሁን» እንዳይባል፣ አረንጓዴን ከቀይ የማይለዩ ዓይኖች አሉ። ስለዚህ ቀለሙ ከመደቡ ጋር ይጣላ እንጂ ማንነቱን ሰረዙ ራሱ ይናገር። አንዳንዱ የመዘዞ ኦፓል ውሃው ሲሸሸው ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ገዢው «ቦንዱ ቢጫ ነበር ወይስ ሰማያዊ?» ብሎ አይጠይቅም።