ዶሮ ወጥስ ወጥ አይደለም?

የእህቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። ማታ አራዳ ካለው ሱቄ ስመለስ የሒሳብ ደብተሯን ዘርግታ ጠበቀችኝ። እናቴ ቡና አቅርባለች። አስተማሪዋ «ሁሉ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር እንዲፈትኑ አዟቸዋል። ለማፍረስ አንድ የማይገጥም ምሳሌ ይበቃል፤ ለማጽናት ግን ሺህ ምሳሌ ቢደረደርም ምክንያት ካልተገኘለት ዋጋ የለውም።

«ጋሼ፣ ስለ ቅርፅ አንድ "ሁሉ" ይንገሩኝ።»

ጎንደር ተወልዶ በዚህ የሚቸገር የለም። «የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ክብ ነው» አልኋት። ቅኔ ማኅሌቱ ክብ፣ ቅድስቱ ክብ፣ አራት ማዕዘን ቢኖር መሀል ያለው መቅደስ ነው።

«ደብረ ብርሃን ሥላሴስ?»

ዝም አልሁ። በየዓመቱ የምሳለመው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቁልጭ ያለ ሬክታንግል ነው። ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩኝ መላእክት ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

«እሺ፣ የፋሲል ግንብ ማማ ሁሉ ክብ ነው።» አራቱ የጥግ ማማዎች ከነእንቁላል አናታቸው ይመሰክሩልኛል ብዬ ነበር።

«ከጣሪያው በላይ የወጣውስ?»

እሱ አራት ማዕዘን ነው። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ያንን ማማ ያሠሩት እኔን ለማሳፈር ይመስለኛል።

ቀጥላ ከደብተሯ አነበበች፤ «ካሬ ሁሉ ሬክታንግል ነው።»

«ሐሰት! ሬክታንግል ረዘም ይላል።»

አራት ጎንና አራት ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሁሉ ሬክታንግል ነው አለች፤ ካሬም ይህን ያሟላል፣ የጎኖቹ እኩልነት ምርቃት ነው። አልዋጥልህ አለኝ። እናቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል፣ «አንተ፣ ዶሮ ወጥስ ወጥ አይደለም?» አለችኝ።

«ነው።»

«ወጥ ሁሉስ ዶሮ ነው?»

ጾም ነበር፤ መልሱን ከእራቱ ሽሮ አነበብሁት።

ቀጣዩ «ዙሪያው የሚበልጥ ሁሉ ስፋቱም ይበልጣል» የሚል ነበር። «ይኼስ እውነት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ገንዘብ ከፍዬበታለኋ! ሱቁን ስከራይ ሁለት ቀርቦልኝ ነበር፤ አንዱ 4 በ4 ሜትር፣ ሌላው 10 በ1.5። ዙሪያቸውን በእርምጃ ለካሁ። ረጅሙ በለጠ። ኪራዩም በለጠ። ያዝሁት።

ልጅቱ እርሳሷን አነሣች። ካሬው ዙሪያው 16 ሜትር፣ ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር። የእኔው ዙሪያው 23፣ ስፋቱ 15። ጨምሬ ከፍዬ አንድ ካሬ ሜትር ጎድሎብኛል ማለት ነው። ሁለት ደንበኛ ሲገባ አንዱ እስኪወጣ ሌላው ሳሙናው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ገበያው ደርቶልኝ ነው እያልሁ ስኮራ ኖሬያለሁ።

«አባትህ ገጠር ጎጆ ሲሠሩ ችካል ተክለው በገመድ ያዞሩ የነበረው ለምን መሰለህ?» አለች እናቴ።

በስልኬ አሰላሁት። ያው የ23 ሜትር ግድግዳ ክብ ቢሆን ኖሮ 42 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዝልኝ ነበር። በእኩል ዙሪያ ከክብ የበለጠ የሚይዝ ቅርፅ የለም፤ ይህን «ሁሉ» የሚያፈርሰው አልተገኘም። አራዳ ላይ ደግሞ ክብ ሱቅ የሚያከራይ አልተገኘም።

በማግስቱ ደብተሯ ታርሞ መጣ። «የሚያፈርስ ምሳሌ» ከሚለው ሥር «የጋሼ ሱቅ፣ 10 በ1.5» ይላል። አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጎበዝ!» ተጽፎበታል።